ከዋርድ ዘጠኝ ወጥተው «ጠፍተዋል» የተባሉትን ቤት ለቤት የፈለጉት ሲስተር አጆዋ ቢራጎ (1956–2019)

እ.ኤ.አ. ሐሙስ ፌብሩዋሪ 21 ቀን 2019፣ ሲስተር አጆዋ ቢራጎ ባረፉ በሳምንቱ፣ በአሱፍሪ ከተማ በእናታቸው ቤት ግቢ የተሰበሰቡት የሚከተሉት ነበሩ፤ የቤተሰቡ አለቃ ኦፓኒን ክዋሜ አፍራኔ፣ የሟች ታናሽ እህቶች አፍያ ኮናዱና አማ አቺያ፣ ሦስቱ ልጆቻቸው፣ የባህል ሐኪሙ ናና ክዋኩ ዋድዬ፣ ከሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን አንድ ሽማግሌ፣ ከአሱፍሪ ሆስፒታል ደግሞ ዳይሬክተሩ ዶክተር ኤሞስ ታቺ ከሁለት ነርሶች ጋር። የተሰበሰቡት የቀብሩን ቀን ለመቁረጥና በዚህ የሕይወት ታሪክ ውስጥ ምን እንደሚጻፍ ለመመካከር ነበር። ቀኑ ቶሎ ተቆረጠ። በታሪኩ ላይ ግን ጠብ ተነሣ።

ዶክተር ታቺ በለሰለሰ ድምፅ፣ የዋርድ ዘጠኝ ጉዳይ ባይነሣ ለሟች ክብር ይሻላል አሉ። ሠላሳ ሰባት ዓመት በነርስነት ማገልገላቸው ብቻውን ለአንድ ሰው በቂ ታሪክ ነው፤ ሰው በሞተ ጊዜ የድሮ አለመግባባት አይቆፈርም ሲሉ ጨመሩ። ኦፓኒን አፍራኔ እስኪጨርሱ ጠበቋቸውና እንዲህ መለሱላቸው፦

«ዶክተር፣ ሬሳዋ በእናንተ ማቀዝቀዣ ውስጥ ነው፤ ታሪኳ ግን በእኛ ቤት ነው። የእናንተን እናንተ ጠብቁ፤ የእኛን እኛ እንጽፋለን።»

ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ተጻፈ። ቅር የሚለው ሰው ቢኖር፣ በቤተሰቡ ፈቃድ የተጻፈ መሆኑን ይወቅ።

ሲስተር አጆዋ ቢራጎ ከአባታቸው ከኮኮዋ ገበሬው ከኦፓኒን ያው ባዱና ከእናታቸው ከእኖ አብሬፊ ሰኞ ኦገስት 13 ቀን 1956 በአሱፍሪ ተወለዱ። ለወላጆቻቸው አራተኛ ልጅ፣ ከሴቶች ግን የመጀመሪያዋ ነበሩ። በእኛ ዘንድ ዘር የሚቆጠረው በእናት በኩል ስለሆነ ሴት በመወለዷ ቤቱ በጣም ተደሰተ።

አባታቸው ማንበብ አይችሉም ነበር። ኮኮዋውን የሚመዝነው ጸሐፊ እንዳያታልላቸው ፊደል የቆጠረ ልጅ ከጎናቸው ይፈልጉ ስለነበር ሲስተር አጆዋን ወደ ሜቶዲስት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስገቧቸው። ልጅቱ አሥር ዓመት በሞላቸው በመኸሩ ወቅት የሚዛኑ መርፌ ባዶውን ሳለ ከዜሮ ዝቅ ብሎ መቆሙን አዩና በተሰለፈው ገበሬ ሁሉ ፊት ተናገሩ። ጸሐፊው ተሳደበ፤ አባታቸው በሰው ፊት በመሆኑ አፈሩ፤ መርፌው ግን ተስተካከለ። ሲስተር አጆዋ ከዚያም በኋላ የሰውን ፊት አይተው ነገር የመዋጥ ልማድ አልነበራቸውም። ምላሳቸው ስለታም እንደነበረ የሚክድ ዘመድ የለም። ብዙዎቻችን ቀምሰነዋል።

መካከለኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በ1973 ጨርሰው በተማሩበት ትምህርት ቤት ሁለት ዓመት በረዳት መምህርነት ሠሩ። በ1976 ኩማሲ ወደሚገኝ የነርሶች ማሠልጠኛ ገቡና በ1979 ተመረቁ። በዚያው ዓመት በአሱፍሪ ሆስፒታል ተቀጥረው እስከ ጡረታቸው ድረስ ከዚያ አልተነሡም። በ1981 መምህር ያው ኦቤንግን አግብተው ሦስት ልጆች ወልደዋል። መምህር ኦቤንግ ዝምተኛና ታጋሽ ሰው ነበሩ። በ2001 ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል።

ቀጥሎ ያለውን ነገር ቤተሰቡ ሊሰውረው ይችል ነበር። ሲስተር አጆዋ ራሳቸው ግን ለሚያሠለጥኗቸው ነርሶች ሁሉ በመጀመሪያው ቀን ይናገሩት ስለነበር መሰወሩ አይገባም።

በ1986 ማዳም ኤፉዋ ማንሳ የምትባል ጨርቅ ነጋዴ በስትሮክ ግራ ጎኗ ዝሎ ሆስፒታል ገባች። ሲስተር አጆዋ አንሶላ ሲቀይሩ ከትራሷ ሥር የቅጠል መድኃኒት ያለበት ጠርሙስ አገኙ። ጠርሙሱን አንሥተው ለክፍሉ ሁሉ አሳዩ፤ ይህች ሴትዮ ሐኪምን ልታሞኝ መጥታለች አሉ፤ ከዚያም መታጠቢያው ውስጥ ደፉት። ክፍሉ ሳቀ። በማግስቱ ጠዋት አልጋው ባዶ ነበር። ልጆቿ ተሸክመው ወስደዋታል። የደም ግፊቷ ክኒን ከነብልቃጡ በኮመዲኖው ላይ ቀርቷል። በዘጠነኛው ቀን መሞቷ ተሰማ።

ሲስተር አጆዋ ለቅሶ ሄዱ። የማዳም ኤፉዋ እናት ለእንግዳ የሚቀርበውን ውሃ አላቀረበችላቸውም። ቆመው ቆዩና ቆመው ተመለሱ። ከዚያ በኋላ የገባቸው ነገር ይህ ነው፤ ማዳም ኤፉዋን የገደላት ቅጠሉ አልነበረም፤ ክኒኑም አላዳናትም። ከሁለቱ አንዱን ምረጪ ተብላ በሰው ፊት ስትዋረድ እሷም መረጠች።

በዚያ ዓመት አንድ ደብተር ገዙ። በታማሚው አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጠው፣ መጀመሪያ እሳቸው ራሳቸው በወሊድ ጊዜ እናታቸው ምን ቅጠል እንዳጠጧቸው ይነግሩትና ከዚያ እሱ በቤቱ ምን እንደወሰደ ይጠይቁታል። የሰሙትን ሁሉ ይጽፋሉ። ማንንም አይቆጡም፤ ምንም አይደፉም። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ጻፉ። ከአሥር የስትሮክ ታማሚ ስምንቱ ከክኒኑ ጋር ሌላ ነገር በድብቅ እንደሚወስድ፣ ከእነዚህም ብዙዎቹ አንድ ቀን ክኒኑን ትተው እንደሚሄዱ ደብተሮቹ ያሳያሉ። ጓደኞቻቸው «የቅጠል ሲስተር» የሚል ስም አወጡላቸው። ሻይ በሚጠጡበት ክፍል ውስጥ በጽዋቸው ውስጥ ሣር ከተውላቸው ያውቃሉ። ሲስተር አጆዋ ሣሩን አውጥተው ሻያቸውን ጠጡ፤ ጽዋውንም አጥበው መለሱ።

በ2008 የዚያን ጊዜው ዳይሬክተር የድሮውን የፍራሽ መጋዘን ሰጧቸው። ስድስት አልጋ ገባበት፤ ዋርድ ዘጠኝ ተባለ። ሐሳባቸው ለመናገር ቀላል ነበር። ታማሚው በአንድ አካል እስከመጣ ድረስ በአንድ ካርድ ይታከም፤ የሆስፒታሉ ሐኪምና የባህል ሐኪሙ በአንድ ጠዋት፣ በአንድ አልጋ ዙሪያ፣ አንዱ ሌላውን እየሰማ ይቁም የሚል ነው። ካርዱ ሦስት ቦታ ነበረው፤ ሆስፒታሉ የሚሰጠው፣ ከቤት የመጣው፣ ታማሚውን በቤቱ የሚያስጨንቀው። ቅጠል ስትሮክን ይፈውሳል ብለው አንድ ቀን ተናግረው አያውቁም። ይህን አሉ እየተባለ የሚወራው ውሸት ነው። ያሉት፣ የሚደበቅ ነገር ካልኖረ ሰው ክኒኑን ጥሎ አይሸሽም ነው። ይህ እውነት መሆኑንና አለመሆኑን ቆጥረው ሊያረጋግጡ ፈለጉ።

ናና ክዋኩ ዋድዬ በአሱፍሪ ዙሪያ ስትሮክ የመታውን ሰው በማሸትና በቅጠል በማጠብ የታወቁ ናቸው። ሲስተር አጆዋ ሊጋብዟቸው ሲሄዱ ናና ዋድዬ ወንበር አላቀረቡላቸውም።

«ሲስተር፣» አሏቸው፣ «ሠላሳ ዓመት በራችሁ ላይ ዘበኛ አቁማችሁ ቦርሳዬን ስታስፈትሹ ኖራችሁ። ዛሬ ግቡ ትሉኛላችሁ። ቅጠሌ ጸዳ ወይስ እናንተ ቸገራችሁ?»

«ቸገረን፣ ናና፤» አሉ ሲስተር አጆዋ።

ናና ዋድዬ እስከ ዛሬ እንደሚናገሩት፣ ከሆስፒታል የመጣ ሰው ቸገረን ሲል የሰሙት ያን ቀን ብቻ ነው። በማግስቱ መጡ። የቅጠሎቻቸውን ስም ግን አልናገርም አሉ። ሐኪሞቹ ደግሞ ስሙን ያላወቅነው ነገር ታማሚ ላይ አይውልም አሉ። ሁለት ሳምንት ከተጨቃጨቁ በኋላ ሲስተር አጆዋ መላ አገኙ። እያንዳንዱ ቅጠል በፖስታ ታሽጎ፣ የናና ዋድዬ አውራ ጣት በቀለም ታትሞበት፣ በመድኃኒት ቤቱ ካዝና ይቀመጣል፤ የሚከፈተው ታማሚ ከተጎዳ ብቻ ነው። በ2010 የአንድ ሰው ግፊት ከመጠን በላይ ወርዶ አንደኛው ፖስታ ተከፈተ። ቅጠሉ የክኒኑን ጉልበት የሚጨምር ሆኖ ተገኘ። ሲስተር አጆዋ ይህን በትልቅ ፊደል ጻፉት፤ ናና ዋድዬም ቅጠሉን ተዉት። ሦስት ሳምንት ግን አኩርፈው አልመጡም።

ምግቡም የሕክምናው አንድ ክፍል ነበር። ቤተሰብ ከዋርዱ ኋላ እንዲያበስል ተፈቀደ። ፉፉ የሚባለው ምግብ የሚወቀጥበት ሙቀጫ ድምፅ ስብሰባ ይረብሻል ተብሎ አስተዳደሩ ሁለት ጊዜ ደብዳቤ ጻፈ። ሲስተር አጆዋ መልስ አልሰጡም። እሳቸውን ያስቸገራቸው ሙቀጫው ሳይሆን ኮቢ ነበር፤ ጨው የጠጣ ደረቅ ዓሣ ማለት ነው። ግፊት ላለበት ሰው ተከልክሏል ቢባልም ሚስቶችና እናቶች በሾርባው ሥር ይደብቁት ነበር። ሲስተር አጆዋ ማንኪያ ይዘው ድስት ለድስት ይዞራሉ። አንዲት አሮጊት፣ ልጄ ያለ ኮቢ ሾርባ ከሚበላ ቢሞት ይሻለዋል አሏቸው። ሲስተር አጆዋም፣ እናቴ፣ እንግዲያው የትኛውን ልጻፍ፣ በሾርባ ሞተ ልበል? አሏቸው። አሮጊቷ ስቀው ዓሣውን አወጡት።

በአራት ዓመት ውስጥ 143 የስትሮክ ታማሚዎች ከዋርድ ዘጠኝ በሕይወት ወጡ። ጥናቱ ሲጀመር ሲስተር አጆዋ በፈረሙበት ወረቀት መሠረት፣ እያንዳንዱ ከስድስት ወር በኋላ ወደ ሆስፒታሉ ተመልሶ መታየት ነበረበት። የተመለሱት 31 ብቻ ነበሩ፤ አብዛኞቹም የባሰባቸው ነበሩ።

ዶክተር ኤሞስ ታቺ በ2011 ዳይሬክተር ሆነው መጡ። ጎበዝ ሐኪም ናቸው፤ ይህንንም ቤተሰቡ አይክድም። ሴፕቴምበር 2012 ኮሚቴ ሰብስበው ቁጥሩን አነበቡ። 112 ሰው ጠፍቷል አሉ። ሲስተር አጆዋ፣ የጠፋ ሰው ሁሉ ሞቷል ማለት አይደለም ብለው ተከራከሩ።

«ሲስተር፣» አሉ ዶክተር ታቺ፣ «ያልተመለሰ ታማሚ በእኔ መዝገብ ወይ ሞቷል ወይ ጠፍቷል። ድኖ ቤቱ ተቀምጧል የሚል ዓምድ የለኝም።»

«ዓምድ ከሌለ ያስምሩበታ፣ ዶክተር። ማስመሪያ ላውስዎ?»

ኮሚቴው ሳቀ፤ ግን ወዲያው ድምፅ ሰጠ። ዋርድ ዘጠኝ ተዘጋ። ስድስቱ አልጋዎች ወጡ፤ ፍራሾቹ ተመለሱ። ናና ዋድዬን ዘበኛው በር ላይ ሲመልሳቸው ምክንያቱን እንኳ የነገራቸው ሰው አልነበረም።

በዚያ ሳምንት ሲስተር አጆዋ ይቅርታ ሊጠይቁ ወደ ናና ዋድዬ ግቢ ሄዱ። ሰዎቹ ሁሉ መጥፋታቸውን፣ ሥራው ሁሉ ከንቱ መቅረቱን እየነገሯቸው ሳለ ዶሮዎች እግራቸው ሥር ይርመሰመሱ ነበር። ሁሉም ነጭ ነበሩ። ናና ዋድዬ እስከዚያ ቀን ድረስ አንቱ ነበር የሚሏቸው።

«አንቺ፣ የአሱፍሪ ልጅ አይደለሽም እንዴ?» አሏቸው። «ድነው ምን ሊሠሩ ወደ ሆስፒታል ይመጣሉ? ነይ፣ ዶሮዎቹን ቁጠሪ። የበላናቸውንም እነግርሻለሁ።»

በአሱፍሪና በዙሪያዋ ባሉ መንደሮች ከከባድ ሕመም የተነሣ ሰው ነጭ ለብሶ፣ ነጭ ዶሮና እንቁላል ይዞ፣ እጁን ላሳረፈበት ሰው ምስጋና ያደርሳል። ከዚያ በኋላ የተኛበትን ቤት ደጃፍ ዓመት እስኪሞላው አይረግጥም፤ ከረገጠ ሕመሙን መልሶ ጠራው ይባላል። ከዋርድ ዘጠኝ ድነው የወጡትም ክኒናቸውን ከየመንደራቸው ጤና ኬላ እየወሰዱ፣ ምስጋናቸውን ለናና ዋድዬ አድርሰው፣ ሆስፒታሉን ሸሽተው ተቀምጠዋል። ወደ ሆስፒታል የተመለሰው ያልዳነው ብቻ ነበር። ሲስተር አጆዋ ይህን ልማድ ከልጅነታቸው ጀምሮ ያውቁታል። ሠላሳ ዓመት ነጭ ጋውን ለብሰው ሲኖሩ ግን ከአእምሯቸው ወጣ። ወረቀቱንም የፈረሙት እሳቸው ናቸው። ዶክተር ታቺን በብዙ ነገር ቢወቅሱም በዚህ ነገር የወቀሱት ራሳቸውን ነው፤ እስከ መጨረሻውም ራሳቸውን ይቅር አላሉም።

ናና ዋድዬ ማንበብና መጻፍ አይችሉም። የትኛው ዶሮ ከየትኛው መንደር፣ ከማን እጅ እንደመጣ ግን አንድም አልሳቱም። ሲስተር አጆዋ በየቅዳሜው የግፊት መለኪያቸውን ቦርሳ ውስጥ ከተው ትሮትሮ በሚባለው የሕዝብ ሚኒባስ፣ መንገድ ባለቀበትም በእግር ሄዱ። የእረፍት ቀናቸው በሙሉ በዚህ አለቀ። እስከ 2015 ድረስ ከ112ቱ ውስጥ 79 ሰዎችን በሕይወት አገኙ፤ ብዙዎቹም ክኒናቸውን አላቋረጡም ነበር። ሃያ አራቱ ሞተዋል። ዘጠኙን ሳያገኟቸው ቀሩ። የሞቱትንም እንደዳኑት በጥንቃቄ ጽፈዋቸዋል።

ሪፖርቱን ይዘው ሲቀርቡ ዶክተር ታቺ፣ ዋርዱን የመሠረተችው ሴትዮ ራሷ የቆጠረችው ቆጠራ አይሠራም፤ ተጫዋቹ ዳኛ አይሆንም አሉ። ሲስተር አጆዋ ይህ ነገር ትክክል ነው ብለው ተቀበሉ። ቤታቸው መጥተውም ለእህቶቻቸው፣ ሰውዬው በዚህስ እውነት አለው አሉ። ስለዚህ ሌላ ነገር መጠየቅ ጀመሩ፤ ዶክተር ታቺ ራሳቸው ሄደው እንዲቆጥሩ። በየጃንዋሪው አንድ ደብዳቤ፣ በአራት ዓመት አራት ደብዳቤ ጻፉ። መልስ የተሰጠው ለሁለተኛው ብቻ ነው። «የሆስፒታል ሐኪም ዶሮ ቆጠራ አይወጣም» ይላል። ደብዳቤው በእጃችን አለ።

ኦገስት 2016 ጡረታ ሲወጡ ሆስፒታሉ የግድግዳ ሰዓት ሸለማቸው። ሰዓቱን ጠረጴዛው ላይ ትተውት ወጡ። አንዷ ነርስ ተከትላ፣ ሲስተር፣ ረስተውታል ብትላቸው፣ አልረሳሁትም አሏት።

ፌብሩዋሪ 2 ቀን 2019 ጠዋት ልብስ ሲያሰጡ ወደቁ። ቀኝ ጎናቸው ዛለ፤ አፋቸው ተጣመመ። ልጆቻቸው ወደ አሱፍሪ ሆስፒታል ወሰዷቸው። ናና ዋድዬ ሰማንያ ዓመታቸው ቢሆንም በዚያው ቀን መጡ፤ ዘበኛው ግን አላስገባቸውም። በአራተኛው ቀን ቤተሰቡ ሲስተር አጆዋን አውጥቶ ወደ ናና ዋድዬ ግቢ ለመውሰድ ተስማማ። መኪና ቆመ፤ ብርድ ልብስ ተዘረጋ። ሲስተር አጆዋ በደህና እጃቸው የአልጋውን ብረት ይዘው አልለቅም አሉ። እህታቸው አፍያ ኮናዱ እያለቀሱ፣ እዚህ ማን ወዳጅ አለሽና ነው? አሏቸው።

«ከወጣሁ፣» አሉ ሲስተር አጆዋ፣ ቃላቱ አንድ በአንድ እየወጡ፣ «እሷም ክኒኑን ጥላ ሸሸች ብለው ይጽፉኛል። ሸሸች እንዲባል አልፈልግም።»

ብርድ ልብሱ ታጥፎ መኪናው ባዶውን ሄደ። ናና ዋድዬ ከበሩ ውጭ ባለው ዛፍ ሥር በየቀኑ ይቀመጡ ነበር። ሁለቱ በመስኮት እንኳ አልተያዩም።

ዶክተር ታቺ የሚገባውን መድኃኒት ሁሉ ሰጥተዋቸዋል። በየጠዋቱ ራሳቸው እየመጡ እንዴት አደሩ ይሏቸው ነበር። ሲስተር አጆዋ ከአምስተኛው ቀን ጀምሮ የሚሰጧቸው መልስ አንድ ብቻ ነበር፤ «እኔን ይተዉኝ፣ ዶክተር። ቤቶቹን ሄደው ይዩ።» ስምንት ጠዋት እንዲህ አሉ። ዶክተሩ ስምንቱንም ጊዜ ካርዱን አይተው ወደሚቀጥለው አልጋ አለፉ። ሲስተር አጆዋ ሐሙስ ፌብሩዋሪ 14 ቀን 2019 በስድሳ ሁለት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

ከላይ የተነገረው የሳምንቱ ስብሰባ ከተበተነ በኋላ፣ ማርች 4 ቀን፣ ዶክተር ታቺ ብቻቸውን ወደ ግቢው መጡ። ወንበር ቢቀርብላቸውም አልተቀመጡም። የስሞቹንና የመንደሮቹን ዝርዝር ስጡኝ አሉ።

«ምነው ዛሬ?» አሏቸው ኦፓኒን አፍራኔ።

«ልትጽፉብኝ ነው አይደል? እንግዲያው ራሴ ላየው። ሐሰት ሆኖ ካገኘሁት ይህንንም ትጽፋላችሁ።»

«እንጽፋለን። እውነት ሆኖ ካገኙትም እንጽፋለን።»

የሟች ልጅ ክዋቤና ባዱ መንገድ እየመራ አምስት ቅዳሜ ዞሩ። ሲስተር አጆዋ በሕይወት ካገኟቸው 79 ሰዎች ዶክተር ታቺ 61ዱን እስከ ዛሬ በሕይወት አገኟቸው። አሥራ ሁለቱ ከዚያ በኋላ ሞተዋል። ስድስቱ ቤቶች በር አልከፈቱላቸውም። ከስድስቱ አንደኛዋ ማዳም ያ ሳኪ በመስኮት አጮልቀው እንዲህ አሏቸው፦

«ዶክተር፣ ሞታለች ብለው ጽፈውብኝ የለ እንዴ? የሞተ ሰው በር አይከፍትም።»

ዶክተር ታቺ ከመስኮቱ ሥር ዝርዝሩን ገለጡ። ከዚያ ክዋቤናን፣ ይህችኛዋን ከየትኛው ልመድባት? ብለው ጠየቁት። እሱም፣ ከሚናገሩት ይመድቧት አላቸው።

ሪፖርታቸው ኤፕሪል 10 ቀን ወጣ። ሰዎቹ አልጠፉም ይላል፤ ክኒናቸውን ይዘው እንደቆዩ፣ ስህተቱ የቆጠራው ቦታ እንደነበር፣ በአንድ ካርድ መታከም ለሆስፒታሉ እንደሚበጅ ይገልጻል። ቁጥሩ ሁሉ ትክክል ነው፤ ክዋቤና ከደብተሮቹ ጋር አመሳክሮታል። በፊተኛው ገጽ ላይ ያለው ስም አንድ ብቻ፣ የዶክተር ታቺ ነው። የሲስተር አጆዋ ስም በአሥራ አራተኛው ገጽ፣ ማስታወሻ ደብተር በማቀበል ተባበሩ ከተባሉት ሰዎች መካከል፣ ከሹፌሩ ቀጥሎ ይገኛል። ቤተሰቡ ስለዚህ ነገር ጠይቆ፣ ይህ የአሠራር ጉዳይ ነው የሚል መልስ አግኝቷል። ዶክተር ታቺ ዛሬ በቀብሩ ላይ ከፊት ረድፍ ወንበር ተይዞላቸዋል። የቤተሰቡ አለቃ ይህ እንዲነበብ የፈለጉት እሳቸው ባሉበት ነው።

ሲስተር አጆዋ ቢራጎ የሦስት ልጆች እናትና የሰባት የልጅ ልጆች አያት ነበሩ። ልጆቻቸው በታኮራዲ የሚኖሩት ኤስተር ፖክዋ፣ በአሱፍሪ ያሉት ክዋቤና ባዱና የመጨረሻዋ ግሬስ አብሬፊ ናቸው። አንድ ታላቅ ወንድምና ሁለት ታናሽ እህቶችም በሐዘን ቀርተዋል። የእህቶቻቸው ልጆች የሆንን ሁላችን እናታችን እንላቸው ነበር፤ ዛሬም እንላቸዋለን።

ሰው የዘነጋውን የማይዘነጋ አምላክ ነፍሳቸውን በእቅፉ ይቀበላት። በየመንደሩ የደከሙ እግሮቻቸው በእሱ ዘንድ እረፍት ያግኙ። ለእኛም ያለ ቂም የምናዝንበትን ልብ ይስጠን፤ እስከ ዛሬ አላገኘነውም።

ዋርድ ዘጠኝ ሰኞ ኤፕሪል 29 ቀን 2019 እንደገና ተከፈተ። ናና ዋድዬ በጠዋቱ ዙር ገቡ። በበሩ ላይ መሥራች ተብሎ የተጻፈው የዶክተር ኤሞስ ታቺ ስም ነው። ይህ ወረቀት ወደ ማተሚያ ቤት በተወሰደበት በሐሙስ ዕለት ስድስቱም አልጋዎች ተይዘው ነበር።